ከ13 ሰዓት በረራ በኋላ ደሴ የገባ መንገደኛ የመጀመሪያውን ቀን እንዴት ይዋል?

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ውይይቱን የከፈተው)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ቧንቧ ውሃ ነው። ዘጠኝ ዓመት ዋሽንግተን ከኖርኩ በኋላ በዚህ ጥር ወር አንድ የጀርባ ሻንጣ ብቻ አዝዬ አገሬ ገባሁ። ሐሳቤ ወሎን በእግሬና በሕዝብ መኪና ማየት ነበር፦ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ወልዲያ፣ ከወልዲያ ላሊበላ። ጉዞው በመጨረሻ ሰምሮልኛል፤ የምጽፈው ግን ስለ መጀመሪያው ቀን ብቻ ነው፤ ምክንያቱም ከሦስት ሳምንት በኋላ ታናሽ ወንድሜ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በዚያው መንገድ ስለሚመጣ፣ እኔን ያገኘኝ እነሱንም እንዲያገኛቸው አልፈልግም።

ከዋሽንግተን በጠዋት ተነስቼ በማግስቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ አረፍኩ። በአውሮፕላኑ ውስጥ ዐይኔን አልከደንኩም። የኮምቦልቻውን በረራ ስጠብቅ ረጅም ሰዓት ወንበር ላይ ከቆየሁ በኋላ ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ኮምቦልቻ ወረድኩ፤ ከዚያ ሚኒባስ ተሳፍረን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ፣ አፌ ምራቅ ሞላ፣ ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ትከሻ ሲወዛወዝ ማየት እንኳ አቃተኝ። ዕቅዴ በዚያው ቀን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቀጥዬ ሐይቅ ዳር ድንኳን መትከል ነበር።

አክስቴ ግን መናኸሪያ ድረስ መጥተው ጠበቁኝ። ቤት ስንገባ ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። 8 ሰዓት ላይ አቦል ተቀዳ። ከጎኔ የተቀመጡ አንዲት እናት መዳፋቸውን ዘርግተው በሰላም በመግባቴ ዱዓ ሲያደርጉልኝ፣ እኔ ሲኒውን እንደያዝኩ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት ጣቴን ሲያቃጥለኝ ነው። ሲኒው አዘንብሎ ቡናው በእናቲቱ ነጠላ ጥለት ላይ ሲሰራጭ አየሁ። እሳቸው የራሰውን ጫፍ አጥፈው ከጉልበታቸው ሥር ሸጎጡትና «አብሽር፣ ልጄ፤ አብሽር» አሉኝ። ዱዓውንም ካቆሙበት ቀጠሉ።

ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ተኛሁ። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረም፤ ረኃቡ እንደ ቀትር ረኃብ ነበር። የሱብሒ አዛን እስኪሰማ፣ ቀጥሎም የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እስኪደወል ጣሪያ ሳይ ቆየሁ። በማግስቱ ራሴን ለሁለት ከፈለኝ፤ ሐይቅን ያየሁትም በአራተኛው ቀን ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ከሩቅ የመጣ እንግዳ ደሴ እንደገባ ይተኛ ወይስ ነቅቶ ይዋል? ቡና አፍልቶ የሚጠብቀውን ዘመድስ ሳያስቀይሙ ምን ይሉታል?

ሐረጎ ላይ

እንኳን ለአገርህ አበቃህ፣ ወንድሜ። ከኮምቦልቻ ደሴ በሚኒባስ እሠራለሁ። ከአውሮፕላን የወረደ ሰው ከሩቅ ያስታውቃል፤ ሻንጣውን በሁለት እጁ አቅፎ በመጨረሻው ወንበር ጥግ ይቀመጣል። በሐረጎ ላይ ከሁሉ የሚከፋው ቦታ ግን ያ ነው፤ በየመታጠፊያው የመኪናው ኋላ ነው ብዙ የሚወናጨፈው። ወንድምህ ገንዘብ ጨምሮም ቢሆን ጋቢና ይያዝ፤ ዐይኑን ከስልክ አንስቶ ከፊት ያለውን መንገድ ይመልከት፤ መስኮቱን ትንሽ ይክፈት። ከመንገዱ በፊት ቅባት የበዛበት ምግብ አይብላ፤ ነገር ግን ባዶ ሆዱንም አይውጣ። ሁለት ፌስታል ኪሱ ውስጥ ይኑር። ይህን የምለው ለማሳፈር አይደለም፤ መንገዱን የለመዱ ሰዎችም ይታመሙበታል።

ሻንጣውን ረዳቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ያስረዋል፤ ይሰር። ፓስፖርት፣ መድኃኒት፣ ውሃና ጋቢ ግን ከራሱ ጋር ይሁኑ። ደክሞት ከወረደ በኋላ «ሻንጣዬ፣ ሻንጣዬ» እያለ የሄደ መኪና የሚያሯሩጥ እንግዳ በየጊዜው አያለሁ፤ ስለዚህ ከመኪናው ርቆ ሳይሄድ ሻንጣው መውረዱን በዐይኑ ይይ። ሌላው ነገር፣ የመንገዱን ሁኔታ ከመነሳቱ በፊት በዚያው ቀን ሾፌር ይጠይቅ፤ ትናንት የሰማው ወሬ አይበቃም።

ነርስ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ጠያቂው ሰዓቶቹን በጥንቃቄ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ፤ የደረሰባቸው ነገር ሁሉ ከሰዓቶቹ ይነበባልና።

በጥር ወር ደሴ ከዋሽንግተን 8 ሰዓት ትቀድማለች። ቦሌ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሲያርፉ ሰውነትዎ ገና ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። ኮምቦልቻ በቀትር ሲወርዱ በሰውነትዎ ሰዓት ሌሊቱ 10 ሰዓት ነበር፤ ይህ የሰው የሰውነት ሙቀት ዝቅ የሚልበት፣ ንቃትም የሚወርድበት ጊዜ ነው። ሐረጎን የወጡት በዚህ ሰዓት ነው። ቡናው ሲቀዳ ደግሞ ሳይተኙ 24 ሰዓት ሊሞላዎት ነው። ስለዚህ በቡና ላይ ማሸለብዎ ንቀትም ድክመትም አይደለም፤ ከዚያ በላይ ነቅቶ መቆየት ለብዙ ሰው ይከብዳል። ሌሊት በ7 ሰዓት የራብዎትም በሰውነትዎ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ስለነበረ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። «እንደደረስክ ፀሐይ ሙቅ» የሚባለው ምክር ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ብርሃን የሰውነትን ሰዓት ወደፊትም ወደኋላም ይገፋል፤ አቅጣጫውን የሚወስነው ያ የሙቀት ዝቅታ ነው። ከዝቅታው በኋላ የሚገኝ ብርሃን ሰዓቱን ወደፊት፣ ማለትም ወደ ደሴ፣ ያመጣዋል። ከዝቅታው በፊት የሚገኝ ብርሃን ግን ወደኋላ ይመልሰዋል። ከዋሽንግተን በዚህ ወቅት ለሚመጣ ሰው ዝቅታው በመጀመሪያው ቀን በደሴ 6 ወይም 7 ሰዓት አካባቢ ይውላል። ስለዚህ ወንድምዎ በመጀመሪያው ቀን ከቀትር በፊት ባርኔጣና ጥቁር መነጽር አድርገው በጥላ ይቆዩ፤ ከ7 ሰዓት በኋላ እስክትጠልቅ ድረስ ፀሐይን ከቤት ውጭ ያግኟት። በቀጣዮቹ ቀናት ዝቅታው እያደር ወደ ንጋት ስለሚጠጋ፣ ወደ ውጭ የሚወጡበትን ሰዓት በየቀኑ አንድ ሰዓት ገደማ ማስቀደም ይችላሉ። ሰውነት በቀን የሚያስተካክለው በአማካይ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ 8 ሰዓት ልዩነት ሳምንት ገደማ ቢፈልግ አይገርምም። ወደ ምሥራቅ መብረር ወደ ምዕራብ ከመብረር የሚከብደውም ሰውነት ቀኑን ከማሳጠር ይልቅ ማስረዘም ስለሚቀለው ነው።

እንቅልፍን በተመለከተ፣ እንደገቡ አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል መተኛት ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም፤ ነገር ግን የሚቀሰቅስ ሰው ይኑር። ማታ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ቢታገሡ መልካም ነው።

ሸዋ በር

ለነርሷ አክብሮት አለኝ፤ ሆኖም በእኔ አስተያየት እንቅልፍ መጀመር ራሱ ስህተት ነው። እኔ አምና በዚሁ ወቅት በዚያው በረራ መጥቼ አልተኛሁም። ቦሌ እንደወረድኩ በዘመዶቼ መኪና 400 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ቀን ጨረስኩት። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ አነቃኝ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተከፈተ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀቱ ጃኬቴን አስወለቀኝ፣ ከሚሴ ላይ ሙዝ በላሁ፤ ደሴ ማታ ገብቼ 3 ሰዓት ላይ ተኛሁና ንጋት 12 ሰዓት ነቃሁ። ያን ቀን ሙሉ ዐይኔን አልከደንኩም። ሰው ቆርጦ ከተነሳ ይችላል።

ነርስ ከደሴ

ወንድሜ፣ እንደዚያ ሆኖ መንቃትዎ ደስ ያሰኛል፤ ምክንያቱ ግን ቆራጥነት ብቻ አይመስለኝም። መንገዱ ወደ ሰሜን ስለሚሄድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በግራ መስኮት ትገባለች። ሳያስቡት ከ7 ሰዓት ጀምሮ ለብዙ ሰዓት ትክክለኛውን ብርሃን አግኝተዋል። ደግሞም መሪውን የያዘው ሌላ ሰው ነበር። እባካችሁ፣ ከረጅም በረራ የወረደ ሰው መኪና አይንዳ፤ ሞተር ሳይክልም አይያዝ። ያልተኛ ሰው ምን ያህል እንደደከመ ራሱ አያውቅም።

ስለ ጤና ሁለት ነገር ብቻ። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለው ሊሳሳ ይችላል፤ ይኸውም ከደሴ አየር ብዙም አይርቅም። እርጥበቱም እጅግ ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ መንገደኛው ከፍታውን ጀምሮ፣ ደርቆም ነው የሚደርሰው፤ ውሃ ቀስ እያለ ይጠጣ። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል፦ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ሁለቱም እግሮች ትንሽ ማበጣቸው የተለመደ ነው፤ አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ከታመመ፣ ይልቁንም የትንፋሽ ማጠር ወይም የደረት ውጋት ከመጣ ግን ማሸትም ማረፍም ሳይባል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ይህ ምልክት በረራው ካለፈ ቀናት በኋላም ሊመጣ ይችላል።

የጀበናዋ እናት

ልጄ፣ ጽሑፍህን ልጄ አነበበችልኝ፤ መልሱንም እየነገርኳት እሷ ናት የምትጽፈው። ቡናው የተደፋባቸው እናት እኔ ብሆን እንዲሁ ነበር የምልህ። እንግዳ ቤትህ ገብቶ እንቅልፍ ከወሰደው ቤቱን አምኖታል ማለት ነው።

ነገር ግን ጥፋቱ የእኛም ነው። ልጅ ከሩቅ መጣ ሲባል ጎረቤት ካልጠራን፣ ድፎው ካልተቆረሰ፣ ሦስቱ ስኒ ካልተጠጣ የተቀበልነው አይመስለንም። ድሮ መንገደኛ የሚመጣው በእግሩና በበቅሎ ነበር፤ ያን ጊዜ እናቶቻችን መጀመሪያ ቡና አላቀረቡም። ለብ ባለ ውሃ እግሩን አጠቡት፣ አጥሚት ወይም አብሽ ሰጡት፣ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው አጋደሙት። ወሬውን የጠየቁት ከተነሳ በኋላ ነው። መኪናና አውሮፕላን ሲመጣ ድካሙ የቀረ መሰለንና እግር ማጠቡን ትተን ቡናውን አስቀደምነው። ለወንድምህ አክስትህ እንዲህ ያድርጉለት፦ በመጀመሪያው ቀን ቤተሰብ ብቻ፤ ጎረቤት በሁለተኛው ቀን። ጎረቤት አይቀየምም፤ «ልጁ እግሩን ታጥቦ ተኝቷል» ከተባለ ማንም ወሎዬ በር አያንኳኳም።

እስቲ ነርሷን ልጠይቃት፦ ቡናውስ ይከለከል?

ነርስ ከደሴ

እናቴ፣ እንዴት ተብሎ ይከለከላል! ሰዓቱ ብቻ ይጠበቅ። በአንድ ጤናማ ሰው ደም ውስጥ ካለው የቡና ካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አቦሉን 8 ሰዓት ላይ ቢጠጣ ማታ 1 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ፤ ይህ እስከ ማታ ነቅቶ እንዲቆይ ያግዘዋል። ከ10 ሰዓት በኋላ ቶናና በረካ ቢጨመርበት ግን ሌሊቱን ይወስድበታል። ለመጀመሪያው ቀን አቦል ይበቃዋል፤ በረካው ለሁለተኛው ቀን ከጎረቤት ጋር ይቆየው። ስለ እግር ማጠቡ ያሉት ደግሞ እውነት ነው፤ ሰውነት ለብ ባለ ውሃ ሞቆ ሲቀዘቅዝ እንቅልፍ ይቀርባል።

የላስታ መንገድ መሪ

ውይይቱ ስለ አገር ልጆች ሆነ እንጂ ይህ ነገር ላሊበላ ላይ በየጊዜው የምናየው ነው። የጀርባ ሻንጣ ይዘው የሚመጡ ወጣት እንግዶች ገንዘብና ቀን ይቆጥባሉ፤ ስለዚህ ከውጭ በገቡበት ቀን የአገር ውስጡን በረራ ይዘው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ ወጥተው፣ ሻንጣቸውን አልጋ ላይ ወርውረው 11ዱን አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ከሰዓት ለመጨረስ ይነሳሉ። እኔ እሺ አልልም። ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን ከቤተ መርቆሬዎስ የሚያገናኘው ዋሻ ፈጽሞ ጨለማ ነው፤ መሪው ሰው እጁን ከድንጋዩ ግድግዳ ሳያነሳ ነው የሚያልፈው። 24 ሰዓት ያልተኛ ሰው እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያውቅም። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጫማ ማውለቅና ማሠር አለ፤ ወለሉ ከዘመን ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ ነው። ከዚህም በላይ፣ ደክሞት ያየውን አያስታውሰውም፤ ከዓለም ዳርቻ መጥቶ ቤተ ጊዮርጊስን አይቶ አለማስታወስ ያሳዝነኛል።

የእኔ ልማድ ይህ ነው። በመጀመሪያው ቀን ከ10 ሰዓት በኋላ እንግዳውን ከቤተ ጊዮርጊስ በላይ ካለው ዐለት ጫፍ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ፤ አንወርድም። ጥላው ጉድጓዱን እየሞላ ሲወጣ፣ የጣሪያው መስቀል ብቻ በብርሃን ሲቀር ያያል። በሁለተኛው ቀን ሰሜኑን ክፍል፣ በሦስተኛው የቀረውን። አሸተን ማርያም ከፍታዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ከሦስተኛው ቀን በፊት አልወስድም።

አንድ ነገር አደራ። ወንድምህ ሲወጣ ልጅ ከነበረ ወይም ጓደኞቹ እዚያ ተወልደው ከሆነ፣ ሰዓት ሲነገራቸው «በማን አቆጣጠር?» ብለው ይጠይቁ። «መኪናው 1 ሰዓት ይነሳል» የተባለ አንድ እንግዳ ከቀትር በኋላ ሻንጣውን አዝሎ መጥቶ መኪናው ጠዋት ከሄደ ስድስት ሰዓት እንዳለፈው ስነግረው መሬት ላይ ተቀመጠ። ድካም ላይ ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ሰዓት ማስላት ይከብደዋል፤ ወረቀት ላይ «ጠዋት» ወይም «ማታ» ተብሎ ይጻፍለት።

የቧንቧ ውሃ ልጅ

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። እናታችን፣ ምክርዎን ለአክስቴ በስልክ አነበብኩላቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ፤ ከዚያ «እናቴም እንዲህ ነበር የምታደርገው» ብለው የእንጨቱን ገንዳ ከጎተራው ኋላ አወጣለሁ አሉ። ከወንድሜ ጋር የሐይቁን ጉዞ ወደ ሦስተኛው ቀን አዛውረነዋል። ድንኳኑን ግን አልተውንም።

ሸዋ በር፣ ያንተንም ሐሳብ አልጣልነውም፤ ከሰዓት በኋላ ቤት ውስጥ እንዳይዋል ያሳሰበን እሱ ነው።

የቧንቧ ውሃ ልጅ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

በቃሌ መሠረት የሆነውን ልጻፍ። ሦስቱም ትናንት ገቡ። ሐረጎን ወንድሜ ጋቢና ሆኖ፣ ጓደኞቹ ከኋላው ባለው ወንበር ወጡት፤ ከሦስቱ አንዱ ፌስታሉን ተጠቅሞበታል፤ ደሴ ሲወርድ ግን ደህና ነበር። ቤት ሲደርሱ ቄጤማ አልተጎዘጎዘም። አክስቴ በርጩማ አስቀምጠው፣ ለብ ያለ ውሃ በገንዳው አቅርበው የሦስቱንም እግር በየተራ አጠቡ። ከጓደኞቹ አንዱ እዚያው አገር የተወለደ ነው፤ እግሩን ለመሰብሰብ ሲሞክር አክስቴ ቁርጭምጭሚቱን ያዝ አድርገው «ዝም በል» አሉት፤ ዐይኑ ዕንባ ሞላ። አጥሚት ጠጥተው አንድ ሰዓት ከሩብ ተኙ። 9 ሰዓት ላይ ቀሰቀስናቸው፤ መቀስቀሱ ቀላል አልነበረም፤ ወንድሜ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ተኝቷል። አቦሉን ቀምሰው እስከ 12 ሰዓት ፒያሳን፣ ከዚያም አይጠየፍ አዳራሽን ከውጭ እያየን በዝግታ ተራመድን። ጦሳ ተራራ ላይ ፀሐይዋ እስክትጠፋ ውጭ ነበርን። 3 ሰዓት ላይ ሁሉም ተኙ።

ይህን የምጽፈው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነው። ወንድሜ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ነቅቶ ውሃ ጠጣ፤ ራሱን እንዳላመመው ነገረኝና ተመልሶ ጋቢውን ተከናነበ። ሁለቱ ጓደኞቹ አልነቁም። አክስቴ በሚቀጥለው ክፍል ለነገው ድፎ ሊጥ እያቦኩ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከቀትር በኋላ ተጠርቷል፤ ነጠላቸው የራሰባቸው እናትም እመጣለሁ ብለዋል።